ለጨፌው የተቀመጥነው ለቅሶ

ልጆቹ ስለ ጋሽ ቶላ አውሪልን ብለው ከያዙኝ ሰነበቱ። ልጆቹ ስል የብሎካችንን ወጣቶች ማለቴ ነው፤ የልጅ ልጄም አብራቸው አለች። ጋሽ ቶላ ካረፈ ጥቂት ወራት ሆነው፤ እነሱም የጨፌው አጥር ላይ የሚሰቀል ጽሑፍ ሊያዘጋጁለት ተነሥተዋል። «እማማ፣ ዋና ዋና ነጥቦቹን ብቻ ንገሪን» ይሉኛል። ጋሽ ቶላ ነጥብ የሚባል ነገር አልነበረውም። ክረምት ከበጋ የማያወልቀው ቦቲ ጫማ ነበረው፣ የውሃውን ጥልቀት የሚለካበት ዱላ ነበረው፣ አንድ የተጨማደደ ባርኔጣ ነበረው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምላስ ነበረው። እኔም የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩ፣ ፊደል የለየሁት በልጆቼ ደብተር ላይ አጎንብሼ ስለሆነ፣ ነጥብ ማውጣት አልችልበትም። እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ፤ እነሱ እንደፈለጉ ያሳጥሩት።

መሃል ከተማ የነበረው ሰፈራችን ፈርሶ ወደዚህ ወደ ሰሚት ጀርባ ኮንዶሚኒየም ስንመጣ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰን። በመስኮቴ የሚታየው ውሃ ያቆረ ሰፊ መስክ ነበር፤ ዳር ዳሩን ግራርና ሾላ፣ መሃሉን ቄጠማ። ጠዋት ጠዋት የጋጋኖ ወፍ ይጮህበታል። የድሮዎቹ ባለአገሮች ጨፌ ይሉታል። እኔ ያን ጊዜ አስፋልት የናፈቀኝ ሰው ነበርኩና እንደ ቆሻሻ ነበር የማየው። ለካ ብሎካችን ራሱ የቆመው በጨፌው ግማሽ ላይ ኖሯል። ይህን ግን ቁልፍ ሲያስረክቡን የነገረን ሰው የለም።

ጋሽ ቶላ ከጨፌው ዳር በቆርቆሮ ቤቱ ይኖር ነበር። አባቱ በሬ ጠምዶ ያርሰው የነበረው መሬት ላይ ዛሬ የእኛ የመኪና ማቆሚያ አለ። እሱም ቤቱና አንዲት ላም ቀርተውት፣ ላሚቱን ጨፌው ላይ ያግድ ነበር። በመጣሁ በሳምንቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና ጨዋ መሆኔን ላሳየው ብዬ ጨዋታ ጀመርኩ።

«ይህ ረግረግ መቼ ነው የሚደፈነው?» አልኩት።

ባርኔጣውን ቀስ ብሎ አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ኋላ እንደተማርኩት፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ከተቀመጠ አንድ ሰው በትሕትና ሊሰደብ ነው ማለት ነው።

«እትዬ፣ ስንተኛ ፎቅ ነዎት?»

«ሦስተኛ።»

«እንግዲያው አይቸኩሉ። ሲደፈን ውሃው መጀመሪያ ምድር ቤት ያሉትን ነው የሚጎበኘው። እርስዎ ጋ እስኪደርስ ጊዜ አለዎት።»

ባለጌ ሽማግሌ ብዬ ቤቴ ገባሁ። በዚያው ዓመት አንዱ ባለሀብት የፍርስራሽ አፈር በገልባጭ መኪና እያመጣ የጨፌውን አንድ ጥግ ደፈነ። ክረምት ሲገባ ውሃው፣ ልክ እንደተባለው፣ ሊጎበኘን መጣ። ምድር ቤት ያለው ጎረቤታችን አዲስ ሶፋው ሳሎኑ ውስጥ ሲንሳፈፍ ጠዋት አገኘው። ጋሽ ቶላ ቦቲውን አድርጎ ከች አለ። «አላልኳችሁም?» የሚል መስሎኝ ስጠብቅ፣ በሩ ላይ ቆሞ ውሃውን ቁልቁል እያየ፣ «ግባ፣ ቤትህ ነው» አለው። ከዚያ ሕፃናቱን አንድ በአንድ በጀርባው እያዘለ አወጣ፤ አሮጊቶቹንም። እኔን አላዘለኝም፤ ሦስተኛ ፎቅ ነኛ።

ከዚያ ወዲያ ከእሱ አልተለየሁም።

ትልቁ ጣጣ የመጣው ሪል እስቴቱ የመጣ ጊዜ ነው። ስሙን ባልጠራው ይሻላል፤ በእንግሊዝኛ ነው፣ ውስጡም አረንጓዴ የሚል ቃል እንዳለበት የልጅ ልጄ አንብባልኛለች። ከግራሮቹ ፊት ለፊት ቤት የሚያህል ሰሌዳ አቆሙ። ሰሌዳው ላይ ፎቆች አሉ፣ በፎቆቹ መሃል ዛፍ አለ፣ ከዛፉ ሥር አንዲት ፀጉረ ቢጫ ሴት ከውሻ ጋር ትሮጣለች። ከሰሌዳው ኋላ ያሉት እውነተኞቹ ዛፎች ደግሞ ለሥዕሎቹ ቦታ እንዲለቁ በቀይ ቀለም ኤክስ ተደርጎባቸዋል። ጋሽ ቶላ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተና፣ «ውሻው ያሳዝናል፤ ሊሰምጥ ነው» አለ።

የሰፈሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ አቤቱታ ጻፈ። ጨፌው እንዳይደፈን፣ ዛፎቹ እንዳይቆረጡ፣ ክረምት ውሃው መሄጃ እንዳያጣ። ሁላችን ፈረምን፤ እኔም በገዛ እጄ ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ አቤቱታው መዞር ጀመረ። ወረዳው ወደ ክፍለ ከተማው መራን፣ ክፍለ ከተማው ሌላ ቢሮ አሳየን፣ ሌላው ቢሮ «ይህ የወረዳው ጉዳይ ነው» ብሎ መለሰን። ወረቀቱ ከእኛ ይልቅ አዲስ አበባን አወቃት። ወጣቶቹ ሥራ ስላላቸው መመላለሱ ለእኔና ለጋሽ ቶላ ተሰጠን፤ ሽማግሌና አሮጊት ሰልፍ ላይ ይታዘንላቸዋል ተብሎ። ወንበር ይሰጡናል፣ እውነት ነው። ከወንበር ሌላ የሰጡን ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ሊፍቱ የማይሠራ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ወጥተን አንዲት ቆንጆ ልጅ ፊት ተቀመጥን። ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገችና፣ «አባባ፣ እርስዎ የሚሉት ቦታ ላይ ምንም የለም» አለች።

«እንዴት ምንም የለም?»

«ሲስተሙ ባዶ መሬት ነው የሚለው።»

ባርኔጣው ወረደ። ጉልበቱ ላይ ሲያርፍ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የኔ ልጅ፣ ሲስተሙ ክረምት ላይ ሰፈራችን መጥቶ ያውቃል?»

«ሲስተም እኮ አይመጣም አባባ።»

«እንግዲያው አንቺ ነይ። ባዶ ነው ብለሽ የለ፤ በዚሁ ጫማሽ መሃሉ ድረስ ትሄጃለሽ። ከተመለስሽ እኔ አቤቱታዬን እቀድደዋለሁ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ቀና ልጅ ነበረች። ማመልከቻችንን ተቀብላ ፋይል ውስጥ ከተተችው፣ የጋሽ ቶላንም ስልክ ቁጥር ጻፈች። ደረጃውን ስንወርድ፣ «ቢያንስ ቦታ አገኘን፤ ፋይል ውስጥ» አለኝ።

በዚያው ሰሞን የሪል እስቴቱ ሰዎች ችግኝ ሊተክሉ መጡ። ነጭ ካናቴራና ኮፍያ ለብሰው፣ ካሜራም ይዘው፣ ቀይ ኤክስ ከተደረገባቸው ግራሮች ሥር ጉድጓድ አስቆፍረው ችግኝ ተከሉ። አንዱ አለቃቸው ችግኙን ይዞ ሦስት ጊዜ ተከለው፤ ሁለት ጊዜ ፎቶው አላማረለትም ነበር። ሲሄዱ ጋሽ ቶላ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «እትዬ አስካለ፣ ነይ እዪ» አለኝ። ችግኞቹን ከነላስቲካቸው ነበር የቀበሯቸው። ሥር መውጫ የለውም፤ በሳምንቱ የሚደርቅ ነው። እኔ በሳቅ ሞትኩ። እሱ ግን ተንበርክኮ አንድ በአንድ እያወጣ፣ ላስቲኩን እየቀደደ፣ መልሶ ሲተክል ዋለ።

«ለነሱ ምን አደከመህ?» አልኩት።

«ለነሱ አይደለም» አለ አፈሩን በእጁ እየጠቀጠቀ፤ «ችግኙ ማን እንደተከለው አያውቅም።»

እንዲህ እንዲህ ስንል አንድ ዓርብ ቀን ወሬው ደረሰ። ሰኞ ጠዋት ኤክስካቫተር ሊገባ ነው። መጀመሪያ ግራሮቹ ይነቀላሉ፣ ቀጥሎ ጨፌው ይደፈናል። የኮሚቴያችን የተማሩት ሰዎች ቅዳሜ ተሰብስበው ቀኑን ሙሉ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ሌላ ደብዳቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። ደብዳቤው ሰኞ ተፈርሞ ማክሰኞ ይገባል ተባለ። ዛፎቹ እስከ ማክሰኞ እንዲታገሡ የሚነግራቸው ሰው ግን አልተመረጠም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጋሽ ቶላ የእድራችንን ሊቀመንበር አቶ ጌታሁንን አጥሩ ጥግ ይዞ ሲያንሾካሹክ አየሁት። አቶ ጌታሁን ማለት የእድሩን ድንኳን እንደ ታቦት የሚጠብቅ ሰው ነው። ለገዛ ልጁ ሠርግ እንኳ፣ «ድንኳኑ የተሰፋው ለሐዘን ነው» ብሎ ከልክሏል። ጥቂት አወሩና አቶ ጌታሁን ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

«በምን ቋንቋ አናገርከው?» አልኩት።

«በአማርኛ» አለ። «በይ፣ ለሴቶቹ ንገሪ። ነገ በማለዳ ለጨፌው ለቅሶ እንቀመጣለን። ድንኳኑን ማሽኑ የሚገባበት መንገድ ላይ ነው የምተክለው። ይህ አገር ብዙ ነገር ያፈርሳል፤ የለቅሶ ድንኳን ሲያፈርስ ግን አላየሁም።»

ሰፈሩ በደስታ አበደ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ለቅሶ ተቀምጬ አላውቅም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደረደረ፣ ወንዶቹ ካርታ ይዘው መጡ። የኮሚቴው ጸሐፊ ከሥራው ለቅሶ አለብኝ ብሎ አስፈቅዶ ቀረ። ጋሽ ቶላ ጥቁር ኮት አድርጎ መሃል ተቀምጧል። የእሱን ጥቁር ኮት አይተን እኮ፣ ለማስመሰል ብሎ ከየት ተዋሰው ተባብለናል።

ሁለት ሰዓት ገደማ ኤክስካቫተሩ እየተንገጫገጨ መጣ። ነጂው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ድንኳኑን ሲያይ ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ይጣላናል ብለን ስንጠብቅ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ገባና፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ከወንዶቹ ጎን ተቀመጠ። ንፍሮ ሰጠነው። በላ። ድጋሚም ተቀበለ።

ከእሱ ቀጥሎ ነጭ የራስ ቁር ያደረገ የፕሮጀክቱ ኃላፊ፣ ልጅ እግር፣ ስልኩን እያወራ ደረሰ። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ።

«ማን… ማን ነው ያረፈው?» አለ።

እኛ ሁላችን መሬት መሬት አየን። ዛፍ ነው ቢል መሳቂያ መሆናችን ነው። ጋሽ ቶላ ቀና ብሎ፣ «እህቴ» አለው።

ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከተትኩት። ከጎኔ ያለችው ጎረቤቴ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ለሚያያት የምታለቅስ ነው የምትመስለው። ልጁ የራስ ቁሩን አውልቆ በሁለት ጉልበቱ መሃል ይዞ ተቀመጠ።

«ነፍስ ይማር። ስማቸው ማን ነበር አባባ?»

«ዲንቂቱ» አለ ጋሽ ቶላ፣ ለአፍታም ሳያስብ።

ስም እንኳ አዘጋጅቷል። እንዲህ ያለ ውሸታም በመሃላችን መኖሩን ሳላውቅ ስንት ዘመን ቆየሁ ብዬ አደነቅሁት። ልጁ አለቆቹ ጋ ደውሎ ሲያስረዳ እንሰማዋለን፤ «ለቅሶ ላይ ናቸው… አዎ ድንኳን… እንዴት ብዬ ነው የማስነሣው ጌታዬ፣ እርስዎ ይምጡና ያስነሡ…» አለቆቹ አልመጡም። ሦስት ቀን ይጠበቅ ተባለ።

በሁለተኛው ቀን ልጁም ነጂውም በጠዋት መጥተው ቦታቸውን ያዙ። ልጁ ጨዋ ነውና ስለ ሟቿ ጠየቀ፤ ጋሽ ቶላም አወራ። እናታቸው በወሊድ እንደሞተች፤ እህቱ በጀርባዋ አዝላው ከዚሁ ጨፌ ሣር ታጭድ እንደነበር፤ ሲከብዳት የታጨደው ሣር ክምር ላይ አስቀምጣው፣ እንዳይፈራ ደግሞ እያጨደች ታንጎራጉርለት እንደነበር፤ ተድራ ስትሄድ እስከ ግራሮቹ ድረስ ተከትሏት ሮጦ፣ እዚያ ጋ ግባ ብላ እንደመለሰችው። ቀይ ኤክስ የተደረገበትን ትልቁን ግራር በዱላው አሳየ። ኃላፊው ልጅ ዛፉን ዞሮ አየ። እኛ እርስ በርስ ተጠቃቀስን፤ የቱን ዛፍ ማሳየት እንዳለበት እንኳ አስቦበታል አልን። እሱ እያወራ ድምፁ ተሰበረ፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። ብዙ ቆየ። እኔም ጨነቀኝና ጠጋ ብዬ ኮቱን ጎተት አደረግሁት።

«ጋሽ ቶላ፣ አታብዛው። ይነቁብናል።»

ፊቱን በእጁ ጠረገ። «እሺ እትዬ» አለኝ። «እቀንሳለሁ።»

በሦስተኛው ቀን የጋሽ ቶላ ስልክ ጠራ፤ እኔ ነበርኩ የያዝኩለት። የሰባተኛ ፎቋ ልጅ ናት፤ ከማመልከቻው አንድ ገጽ ጎድሎባት ነው። «ለቅሶ ላይ ነው የኔ ልጅ» አልኳት፣ እያሳዘንኩ። ከሰዓት በኋላ ሁለት የሥራ ጓደኞቿን አስከትላ ልታጽናናው መጣች። ማንም መንገዱን አልነገራትም፤ ድንኳኑን ከሩቅ አይታ በቀጥታ በመስኩ ተሻገረች። ግማሽ ላይ ስትደርስ አንድ ጫማዋ ቀረ፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ሌላውም ቀረ። ድንኳኑ ውስጥ በባዶ እግሯ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ገባች። ጋጋኖዎቹ ከኋላዋ እየጮኹ ተነሡ። ተቀመጠችና እግሯን አየች፣ ውሃውን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ ባዶ አይደለም» አለች።

ጋሽ ቶላ ባርኔጣውን አልነካም። ከጎኑ ቦታ ለቀቀላት ብቻ።

ተጣርቶ እስኪወሰን ምንም እንዳይነካ የሚል ደብዳቤ በዚያው ሳምንት ከልጅቷ ቢሮ መጣ። ማጣራቱ ብዙ ክረምት ፈጀ። በመጨረሻ የጨፌው ግማሹና ግራሮቹ ሁሉ ተረፉ፤ አጥርም ተበጀላቸው። ሌላው ግማሽ ላይ ፎቆቹ ቆመዋል። ሪል እስቴቱ ሰሌዳውን ቀይሯል፤ አሁን የሚሸጠው «የሐይቅ እይታ ያለው አፓርታማ» ነው። ሊደፍኑት የነበረውን ውሃ ማለታቸው ነው። ጋሽ ቶላ ይህን ሲሰማ፣ «እኔ ስልሳ ዓመት በነፃ ሳየው ኖሬ ሐይቅ መሆኑን ሳላውቅ» አለ።

ታሞ ሳያስቸግር አረፈ። በአርባው ቀን ቤቱ ስሄድ አንዲት የማላውቃት ሴት እንግዳ ስትቀበል አገኘኋት። የእህቱ ልጅ ናት፤ ጫልቱ ትባላለች። አገሯ ከላምበረት በአውቶቡስ ተነሥተው፣ ሸኖ ላይ ወርደው ደግሞ ብዙ በእግር የሚሄዱበት ነው። ከዚህ ሰፈር መሆኔን ስነግራት እጄን ያዘች፤ ሳመችው።

«እናንተን አንድ ቀን አግኝቼ ሳላመሰግን እንዳልሞት ስለት ነበረኝ» አለች።

«በምን ምክንያት ልጄ?»

«እናቴ እሑድ ገና ሳይነጋ አረፈች። አጎቴ ለቀብሯ ሳይመጣ ሲቀር ዘመዱ ሁሉ ተቀየመው፤ አሳድጋው እንዴት አፈር አያለብሳትም ተባለ። እሱ ግን ደውሎ ነገረኝ። ‘ሰኞ ማሽን ይገባል፤ ያሳደገችኝን ቦታ ጥዬ ልመጣ አልቻልኩም’ አለኝ። ለእድሩ ሊቀመንበር ብቻ ነግሮ ድንኳን እንዳስተከለ፣ ሌላ ሰው ከሰማ ግን እጁን ይዞ ላምበረት አውቶቡስ ላይ እንደሚጭነው፣ እሱ ከሄደ ደግሞ ድንኳኑ እንደሚነሣ ነገረኝ።»

ወንበር አመጣችልኝ፤ ተቀመጥኩ።

«ዘመዶቼ ሲቆጡ የምመልስላቸው ይህንኑ ነበር» አለች ጫልቱ። «ሰፈሩ በሙሉ፣ አንድም ቀን አይቷት የማያውቅ ሰው ሁሉ፣ ሥራውን ትቶ ሦስት ቀን ለዲንቂቱ ተቀምጦላታል ብሎኛል እላቸዋለሁ። የማሽኑ ነጂ እንኳ ወርዶ ተቀምጧል ብሎኛል። እውነት ነው እማማ? ወይስ እኔን ሊያጽናናኝ ብሎ ነው?»

«እውነቱን ነው» አልኳት። «ተቀምጠንላታል። ሦስቱንም ቀን።»